መከታና የሚነዝረው ማሰሪያ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ አቶ ሸዋንግዛው የሚባሉ ጡረተኛ አስፋልት ዳር ባለ ቤታቸው መከታ ከሚባል ውሻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ለፋሲካም ለእንቁጣጣሽም ብቅ የማይሉ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ሰውየው ሲሞቱ ግን ሦስቱም ጥቁር ለብሰው መጡ፤ እያለቀሱም ዓይናቸው የቤቱን ክፍሎች ይለካ ነበር።

ኑዛዜውን የያዙት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው አቶ ዘርጋው ነበሩ። ከአርባው በኋላ አነበቡት፦ «ቤቴ መከታን ከሁሉ የተሻለ ለጠበቀ ልጄ ይሁን። አራት አራት ወር በዚሁ ቤት ይያዙት። ፈራጁ ዘርጋው ነው።» ልጆቹ በዚያው ቀን ውሻ ወዳድ ሆኑ።

መከታ አንድ ክፉ አመል ነበረው። ባጃጅ ባየ ቁጥር ከግቢ ሮጦ አስፋልት ላይ ይወጣል።

ታላቁ ልዑልሰገድ ነጋዴ ነው። ከዱባይ አንድ የውሻ አንገት ማሰሪያ አስመጣ፤ ሪሞቱን ሲጫኑት ማሰሪያው ውሻውን በኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። መከታ ወደ በሩ በተንደረደረ ቁጥር ልዑልሰገድ ይጫናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሻው በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ የማይወጣ ሆነ። እዚህ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። እሱ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ያለ አንዳች ጥፋት፣ ለጨዋታ ይጫናል። ውሻው እየጮኸ ይሸናል፤ እንግዶቹ ይስቃሉ።

«ይኼ ውሻ ምን አደረገህ?» አሉት አቶ ዘርጋው አንድ ቀን።

«ምንም። የሚከለክለኝ ሕግ አለ እንዴ ጋሼ?»

አልነበረም። አራት ወሩ ሲሞላ መከታን ያለ አንድ ጭረት አስረከበ።

መካከለኛዋ ማኅደረ የከተማው ምክር ቤት ተመራጭ ናት። «እንስሳን በኤሌክትሪክ መንዘር አረመኔነት ነው» ብላ ስብሰባ ላይ ተናገረች፤ እውነቷን ነበር። ደንብ ወጣ፤ ማሰሪያውን መጠቀም በቅጣት ተከለከለ። ማኅደረ ማሰሪያውን በካሜራ ፊት ከመከታ አንገት ፈታች፣ ውሻውን አቀፈች፣ ፎቶ ተነሣች። ካሜራው ሲሄድ ፀጉሩን ከቀሚሷ ላይ አራገፈችና ማሰሪያውን መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ከዚያ ወዲያ ውሻውን ዞር ብላ አላየችውም። አሠልጣኝ አልፈለገችለትም፤ የበሩን መቀርቀሪያ እንኳ አላስጠገነችም። የመከታ ፍርሃት ቀስ በቀስ ለቀቀውና በሦስተኛው ወር አንድ ባጃጅ ተከትሎ ወጣ። ሾፌሩ እንዳይገጨው ብሎ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ክንዱ ተሰበረ። ባጃጁ ሲገለበጥ የውሻውንም የኋላ እግር ሰበረው።

«ልጄ፣ በሩን ብትዘጊው ምን ነበረበት?»

«ጋሽ ዘርጋው፣ እኔ ያፈረስኩት ደንብ የለም።»

ታናሹ ኅሩይ የግብረ ገብ መምህር ነው። ወንድሙን አወገዘ፣ እኅቱን አመሰገነ፣ ስለ ርኅራኄም ተማሪዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማረ። ከዚያ ውሻው ቢያመልጥ ብሎ ማሰሪያውን ከነሪሞቱ ከመሳቢያው አውጥቶ መከታ አንገት ላይ አሠረውና በላዩ ቀይ የሱፍ ሻርፕ ጠመጠመበት። ለጠየቀው ሁሉ «ብርድ እንዳይመታው ነው» ይላል። ሦስት ወር ሙሉ ሪሞቱን አንድ ጊዜም አልተጫነም፤ አዝኖለት ሳይሆን እንዳይያዝ ፈርቶ።

አንድ ጠዋት መከታ እያነከሰ ከግቢው ወጣ። አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ቁልቁል እየበረረ ይመጣል። ኅሩይ ተጣራ፤ ውሻው አልሰማውም። ያኔ ሪሞቱን ከኪሱ አውጥቶ ተጫነ። መከታ ጮኾ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ወደቀ፤ መኪናው በአፍንጫው ሥር አለፈ።

ጎረቤት አየ፤ ማኅደረም ሰማች። ወንድሟን ለመክሰስ አንድ ቀን አላደረችም። ኅሩይ ሻርፑ ተፈትቶ ማሰሪያው እስኪታይ ድረስ ካደ። ጥፋተኛ ተባለ፤ ተቀጣም።

የመጨረሻው ቀን አቶ ዘርጋው ሦስቱን ግቢ ውስጥ ሰበሰቧቸው።

«በእኔ እጅ አልቆሰለም» አለ ልዑልሰገድ።

«በእኔ እጅ አልተነዘረም» አለች ማኅደረ።

«በእኔ እጅ አልሞተም» አለ ኅሩይ።

ሦስቱም እውነት ተናገሩ፤ ከእውነታቸው ግን ልብ የሚያሞቅ አንድ እንኳ አልነበረም።

«እስቲ እሱ ይምረጥ» አሉ አቶ ዘርጋውና መከታን ለቀቁት። ውሻው እያነከሰ በማኅደረ አጠገብ አለፈ። ኅሩይንም አለፈው። ልዑልሰገድ እግር ሥር ሲደርስ ጭራውን በእግሮቹ መሐል ወትፎ፣ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ተኛ።

«አያችሁ፣ ይወደኛል።»

«ይፈራሃል» አለች ማኅደረ።



አቶ ዘርጋው የቤቱን ቁልፍ እንደያዙ ቆሙ። እንደ እሳቸው ቢሆን ከሦስቱ አንዱንም በደጃፋቸው ባላሳለፉት ነበር፤ ኑዛዜው ግን ለአንዱ ስጥ ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሕግ ስላልከለከለው ያሠቃየው፣ አካሉን ግን የጠበቀው? ሕግ አውጥታ ያዳነችው፣ መልሳም የረሳችው? ወይስ ሕግ ጥሶና ዋሽቶ ነፍሱን ያተረፈው? ውሻው ራሱ የሄደበትስ ምርጫ ነው ወይስ ፍርሃት? ቤቱና መከታ የማን ይሁኑ?