አያ እንዳላማው የአረም አለቃ ሲሆን

ድሮ በዳሞት በኩል አያ እንዳላማው የሚባል ጭሰኛ ነበር ይላሉ። ስለ እሱ የሚያወሩ ሰዎች በብዙ ነገር አይስማሙም፤ አንዱ ረጅም ነበር ሲል ሌላው አጭር ነበር ይላል። በሥራ ሰነፍ፣ በድምፅ አስቀያሚ፣ በምላስ ግን ፈጣን እንደነበረ ሁሉም ይመሰክራሉ።

፩

አንድ ክረምት የፊታውራሪ አድገህን ጤፍ አረም ዋጠው። ጭሰኞቹ ዝናቡ ሰልችቷቸው ወገባቸውን ይዘው መቆም አብዝተዋል። ፊታውራሪ አያ እንዳላማውን አስጠሩና፣ «ሰዎቹን የምታተጋልኝ አንተ ነህ። አረሙ ሳያልቅ መስከረም ከጠባ ከመሬቴ ትነቀላለህ» አሉት።

«ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ጎበዝ ትተው እንዴት እኔን መረጡ?»

«የስንፍናን መንገድ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ነዋ!»

«መንገዱንስ አውቀዋለሁ። መጨረሻውን ግን አላየሁትም፤ ሁልጊዜ እኩሌታው ላይ እተኛለሁ።»

፪

በማግስቱ አያ እንዳላማው ከሰዎቹ ጋር ተሰልፎ ማረም ጀመረ። ወዲያው የሁሉም እጅ ፈጠነ። ፊታውራሪ ገርሟቸው፣ «ምን ብለሃቸው ነው?» አሉት።

«አንድ ቃል አልተናገርኩም። መካከላቸው ገብቼ አረምኩ። ከእኔ ኋላ መቅረትን ማን ይወዳል?»

፫

ፊታውራሪ ይህን ሲያዩ የበለጠ ጎመጁ። «እንግዲያው ዝፈንላቸው፤ አፍጥነህ!» ብለው አዘዙ። ዘፈነ። ሰዎቹም ከድምፁ ለመራቅ እየተሽቀዳደሙ፣ እጃቸው የገባውን ሁሉ እየነቀሉ ከማሳው ዳር ደረሱ። ፊታውራሪ መጥተው ቢያዩ፣ በሄዱበት ሁሉ ጤፉም ከአረሙ ጋር ተነቅሏል።

«ምን ጉድ ነው ይሄ? ጤፌን ጨረስከው እኮ!»

«አይዘኑ ጌታዬ። በዚህ በኩል እንኳ ከእንግዲህ አረሙ የሚያንቀው ጤፍ አያገኝም።»

፬

ፍልሰታ ገባ። ሰዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ያርማሉ። ፊታውራሪ ግን ሆዴን ያመኛል ብለው ከነፍስ አባታቸው ፈቃድ ስላገኙ፣ ማሳው ዳር ዳስ አስጥለው በረፋዱ ሽሯቸውን ይበላሉ። አንድ ቀን አያ እንዳላማውን ከዳሱ አጠገብ ተጋድሞ አገኙት።

«አንተ! ሰዎቹን አትጋልኝ ብልህ ትተኛለህ?»

«ጾሜን እየጠበቅሁ ነው ጌታዬ። እምነቴ ደካማ ነው፤ ዓይኔን ከገለጥኩ የእርስዎ ሽሮ ይታየኛል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ፊታውራሪ ቤታቸው መብላት ጀመሩ።

፭

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሠራተኞቹ ምግብ የሚያቀርቡት የፊታውራሪ ሚስት እመት ብርቄ ነበሩ። የእጃቸው ንፍገት የታወቀ ነው። አንድ ቀን ንፍሮውን በሰፌድ አምጥተው አስቀመጡ፤ ከንፍሮው ይልቅ ሰፌዱ ጎልቶ ይታያል።

«ብላ እንጂ እንዳላማው! ምን ትኩር ብለህ ታያለህ?»

«እመቤቴ፣ ሰነፍ መሆኔን አገር ያውቃል። ይህን ግን ያለ ደቦ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ።»

ሠራተኞቹ በሳቅ ተንከተከቱ። ንፍሮው ግን አልጨመረም፤ የሰዎቹ እጅም እንደገና ዛለ።

፮

መስከረም ጠባ። ከማሳው አንድ ጥግ ላይ አረሙ እንዳለ ነው። ፊታውራሪ እንደዛቱት አያ እንዳላማውን ከመሬታቸው ሊያስነቅሉ ዳኛ ፊት አቆሙት።

ዳኛው ጠየቁ፤ «አረሙ አልቋል?»

«አላለቀም ጌታዬ።»

«አንተስ በሥራ ሰዓት ተኝተሃል?»

«ተኝቻለሁ።»

«ሰነፍ ነህ ይሉሃል።»

«እሱን እንኳ ያለ ምስክር ይመኑላቸው።»

«እንግዲህ ሁሉንም በአፍህ አመንክ። ፊታውራሪ መሬቴን ይልቀቅ ይላሉ። የምትለው አለህ?»

አያ እንዳላማው ዞር ብሎ ፊታውራሪን እጅ ነሳና ወደ ዳኛው ተመለሰ።

«እለቃለሁ ጌታዬ። ነገር ግን ሰዎቹ የሚተጉት ከእኔ ኋላ ላለመቅረት ነበር። እኔ ከሄድኩ በዚህ አገር ከሁሉ ኋላ የሚቀር አራሚ ፊታውራሪ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ጭቃ አይወዱም።»