ተሳልመውት የሄዱት በር

አንድ ሀብታም ሰው ነበረ፤ ልክ እንደ እርስዎ፣ እትዬ አልታዬ፣ «ሰው ይመጣል፣ ግን ሳይማር ይሄዳል፤ ለምን?» ብሎ የጠየቀ። እርስዎ የጠየቁኝ ለእናቶች ስላዘጋጁት የሕፃናት ጤና ድረ ገጽ ነው፤ እሱ የጠየቀው ስለ ድንጋይ ቤት ነበር። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ስለዚህ ይታገሡኝና ከእሱ ልጀምር።

የዚህ ሰው አባት ገበሬ ነበር፤ ፊደል አልቆጠረም። አንድ ቀን «ምስክር ሁነን» ብለው ወረቀት አቀረቡለት። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ። ወረቀቱ ግን የሽያጭ ውል ነበር፤ የተሸጠውም የገዛ መሬቱ። ልጁ ከተማ ገብቶ ነገደ፣ ከበረ። ፀጉሩ ሲሸብት ተሳለ፦ «ሳልሞት የአባቴ አገር ሰው ማንበብ ይማራል። ከእንግዲህ ማንም በማያነበው ወረቀት መሬቱን አያጣም።»

ስለቱ የምር ነበር። ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር የጎልማሶች ትምህርት ቤት አሠራ። ክፍያ የለውም፤ ሰሌዳው አዲስ ነው፤ አስተማሪው ታጋሽ ነው። ለበሩ ደግሞ በአገሩ አንደኛ የተባለውን እንጨት ጠራቢ አስጠራ።

ጠራቢው ጎበዝ ነው፤ በዚያ አይታማም። ግን ዕድሜውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን በር እንጂ ሌላ በር ሠርቶ አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቀውን ሠራ። ሐረግ የተጠረበባቸው ሁለት ትልልቅ የዝግባ መዝጊያዎች፣ ከላይ ጉልላት፣ በጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላል። ከጉልላቱ ሥር በወርቅማ ቀለም «የጎልማሶች ትምህርት ቤት» ተብሎ ተጻፈ። ሀብታሙ ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። አምሮ ነበራ!

እስቲ እዚህ ላይ ይቁሙልኝ። ማንበብ የማይችሉትን ሰዎች በምን ጠራቸው? በጽሑፍ! ይሳቁ ግድ የለም፤ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ዘበኛው ደግሞ ያ ውድ መዝጊያ በሰው እጅ እንዳይቧጨር ቆልፎ ያዘው። «መማር የፈለገ በጓሮ በኩል ይገባል» አለ። ጓሮው ውስጥ ትንሽ የቆርቆሮ በር ነበረች። ከመንገድ ላይ አትታይም።

የገበያ ቀን መጣ። ባላገሩ እህሉን ጭኖ ሲወርድ በሩን አየና ቆመ። በቅሎ ላይ የነበረ ወረደ። ባርኔጣ ያደረገ አወለቀ።

«ይሄ ደግሞ የማን ታቦት ነው?» አለ አንዱ።

«ሚካኤል ነዋ!»

«ኧረ ሚካኤል ወንዝ ማዶ ነው፤ ምን ነካህ?»

«እና እሱ ሁለት ቤት ቢኖረው አንተን ምን አሳበደህ? ተሳለምና እንሂድ፤ ገበያው ሊፈታ ነው።»

ተሳለሙና ሄዱ። ልማዳችን ነው፤ ለቅዳሴ ያልመጣ መንገደኛ ደጁን ተሳልሞ ያልፋል። አንድ ሙስሊም የጨው ነጋዴም መጣ፤ የሰው ቤተ እምነት ደጅ በአህያ ኮቴ አላስረግጥም ብሎ፣ አህዮቹን በእርሻው ዳር አዙሮ በአክብሮት አለፈ። ያከበረው ሁሉ አለፈ።

ሀብታሙ ወደ ከተማ ሲመለስ ዘበኛውን «የሚመጣውን ሰው ቁጠርልኝ» ብሎት ነበር። ዘበኛው ታማኝ ነው፤ አንድ ሰው በመጣ ቁጥር አንድ ጠጠር እንስራ ውስጥ ይጥላል። በወሩ መልእክት ላከ፦ «ጌታዬ፣ ደስ ይበልዎ፤ እንስራው ሞልቷል!» በዚያው ቀን የአስተማሪው ደብዳቤም ደረሰ፦ «ጌታዬ፣ እስከ ዛሬ አንድም ተማሪ የለኝም። ጠመኔው እንዳለ ነው።»

ሀብታሙ ተናደደ። «ደጄ ድረስ መጥቶ የሚመለስ ሰው! ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው?» አለ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሠዓሊ ቀጥሮ ላከ። በመዝጊያው ግራና ቀኝ ሰይፍ የመዘዙ ሁለት መላእክት ተሳሉ። ተሳላሚው በዛ፤ ዘበኛው ሁለተኛ እንስራ ይላክልኝ አለ። ተማሪ ግን አልመጣም።

በመጨረሻ ሰውየው ተነሥቶ ራሱ መጣ። ማንም እንዳያውቀው ተራ ጋቢ ለብሶ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ተቀመጠ። አልተናገረም፣ አልመከረም፣ ማንንም «በዚህ በኩል ግባ» አላለም። ዝም ብሎ አየ። ከሠራው ሥራ ሁሉ አዋቂነት የነበረበት ይሄኛው ነው።

ረፋዱ ላይ አንዲት ባሏ የሞተባት ገበሬ መጣች። ከነጠላዋ ጫፍ የተጣጠፈ ወረቀት ፈታች። ወረቀቱን በመዝጊያው ላይ አስደግፋ ግንባሯን ነካችበት፣ የሆነ ነገር አንሾካሾከች፣ ተሳልማ ልትሄድ ዞረች።

«እህቴ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?» አላት።

«እኔ ምኑን አውቄው! ከወረዳ ነው ያመጡልኝ። የባሌ ወንድም መሬቱን ልንጠቅሽ ብሎኛል፤ ስለሱ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞ ለሰው እንዳላስነብበው ዘመዱ ብዙ ነው፤ ማንን አምኜ? እሁድ ከመጣልኝ ጀምሮ በየቀኑ እዚህ አመጣዋለሁ። የሚያነብልኝ ሰው ስጠኝ እያልኩ ነው።»

«ለምን አልገባሽም?»

ሴትየዋ ጤንነቱን እንደተጠራጠረች ሁሉ አየችው። «በየት ልግባ፣ አባቴ? ዝግ ነው። ቄስ የለ፣ ደወል የለ። እኔስ እንዲህ ያለ ደጅ ውስጥ ምን ጉዳይ አለኝ? ውጭ መቆሜም ድፍረት ነው።»

ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። የፍርድ ቤት መጥሪያ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ካልቀረበች በሌለችበት ይፈረዳል ይላል። ያን ቀን ሐሙስ ነበር።

«ምን ይላል?» አለች።

ወረቀቱን መልሶ አጣጠፈው። «ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርሽ?» አላት።

«እዚሁ ነዋ። ይሄን በር ስሳለም።»

ከዚያ በር ጀርባ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ማክሰኞ ጠዋት አስተማሪው ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማንበብ የሚችል፣ ለማንበብና ለማስተማር ደመወዝ የሚበላ ሰው! ሀብታሙ የአባቱ አውራ ጣት ታየው። ያኔ የታተመው በሽያጭ ውል ላይ ነበር። አሁን ደግሞ በራሱ በር የታተመ መሰለው።

ተነሣና መጋዝ አስመጣ። ዘበኛው ጮኸ፦ «ጌታዬ! ኧረ ሐረጉ! ኧረ መላእክቱ!»

«መላእክቱ ይቅር ይሉኛል። እሷ ግን ይቅር ለማለቷ እንጃ» አለው።

ሁለቱን መዝጊያዎች አስነቀለ። በቁመታቸው አሰንጥቆ አግዳሚ ወንበር አደረጋቸው። ጉልላቱንም አወረደ። ሰሌዳውን ከውስጥ አውጥቶ መንገደኛ በሚያየው በረንዳ ላይ አቆመ። አስተማሪውንም «አሁን ጮክ ብለህ ጀምር» አለው። «ሀ ሁ ሂ ሃ» ሲባል መንገዱ ላይ ተሰማ። ይሄንን ድምፅ የማያውቅ ማን አለ? ጽሑፍ አላስፈለገም፣ ጠሪ አላስፈለገም። ከገበያ የሚመለስ ሽማግሌ ቆመና «ለካ ታቦቱ ሰሌዳ ኖሯል!» አለ። ሳቁ ሳያልቅ ቁጭ አለ። የጨው ነጋዴውም በሌላ ቀን አህዮቹን አስሮ ገባ። ሴትየዋ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከሥሯ የተጠረበ ሐረግ ነበር።

ሀብታሙ ይዟት ፍርድ ቤት ሄደ፤ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አመለከቱ። ከሦስት ወር በኋላ ቀጠሮ ተሰጠ። በቀጠሮው ቀን ጸሐፊው እንደ ልማዱ የጣት ማተሚያ ቀለሙን ወደ አውራ ጣቷ ገፋላት። መልሳ ገፋችለት። «ብዕር» አለች። አራት ፊደል ጻፈች፦ ትርንጎ። መስመሩ ወደ ታች ያዘቀዘቀ ነበር፤ ግን ይነበባል።

መሬቱስ ነው የሚሉኝ? ግማሹ ተመለሰላት። ግማሹ በዚያ ማክሰኞ እንደሄደ ቀረ።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ፣ እትዬ አልታዬ። ያ በር የእርስዎ ድረ ገጽ የመጀመሪያ ገጽ ነው። ገጹን የሠራልዎት ልጅ ጎበዝ ነው፣ አየሁት፤ ግን ከዚያ በፊት የሠራው የሆቴል ገጽ ብቻ ነው። ለሆቴል የሚቀያየር ፎቶ ያምራል፤ ስለዚህ የሚያውቀውን ሠራ። ፎቶዎቹ ይዞራሉ፣ የእንኳን ደህና መጡ ንግግር አለ፣ ሙዚቃም አለው። ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ይሄ ሁሉ እስኪከፈት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ትምህርቱ ደግሞ «ሞጁሎች» የምትል ትንሽ ቃል ተጭነው፣ ተመዝግበው፣ ሌላ ገጽ ከፍተው የሚገኝ ነው። እሱ የጓሮዋ የቆርቆሮ በር ነው። «ሞጁል» ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ተምሮ የጨረሰ ነው፤ የእርስዎ ትምህርት ለእሱ አልተሠራም።

«ስምንት ሺህ ሰው ገብቶልኛል» አሉኝ። አልዋሹም፤ ግን እሱ የዘበኛው እንስራ ነው። ገጹን አይተው «ያምራል» ብለው፣ የልብ ምልክቷን ተጭነው፣ ተሳልመው የሄዱ ናቸው። የመጀመሪያውን ትምህርት የጨረሱት አሥራ አንድ ናቸው፤ እነሱ ናቸው ተማሪዎችዎ። የቀሩት ሰነፎች አይደሉም። ትኩሳት የያዘውን ልጇን በአንድ ክንዷ አቅፋ፣ በሌላው እጇ ስልክ የያዘች እናት ያን ዞሮ የሚመጣ ፎቶ ሁለት ደቂቃ ልትጠብቅ አትችልም። ስልኩን አስቀምጣ ትወጣለች፤ ያ የእሷ ማክሰኞ ነው።

ውበት ይቅር አላልኩም፣ እንዳይከፉብኝ። የዝግባው ሐረግ አልተጣለም እኮ፤ ሰው ተቀመጠበት። የእርስዎም ቀለም፣ የእርስዎም ሥዕል ይቆይ፤ ግን እናቲቱን ያስቀምጣት። ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ የምታየው «ልጄ ትኩሳት ይዞታል፤ ምን ላድርግ?» የሚል፣ በአውራ ጣት የሚነካ ትልቅ ነገር ይሁን። የበረንዳው ሰሌዳ እሱ ነው።

እኔም ብዙ አወራሁ፤ ልማዴ ነው። ግን የእኔን ቃል አይመኑ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትዎ የስምንት ወር ልጅ አላት አይደል? አሁን እንጥራት። የራሷን ስልክ ትያዝ። ከእኔና ከእርስዎ አንዳችንም «እዚህ ጋ ንኪ» እንዳንላት፤ ምላስዎን ነክሰው ይቀመጡ፣ እኔም እነክሳለሁ። አውራ ጣቷ የት ላይ ተሳልሞ እንደሚመለስ ብቻ እንይ። መጋዙን የምናነሣው እዚያ ላይ ነው።