ኪዊ የቀመሰችው ሴት

አንድ ተመራማሪ ነበረ። ስሙ ይቅርብሽ ትርሲት፤ ለጥያቄሽ ምንም አይጨምርልሽም። አንቺ፣ ለመመረቂያ ጥናቴ ከጠየቅኋቸው ገበሬዎች የአንዱ መልስ ከመጠይቄ ጋር አልገጥም አለኝ፣ ወደሚቀርበው ላስገባውና ልጨርስ ወይ ብለሽኛል። ወረቀቱን አስቀምጪና ስሚኝ።

ይህ ሰው በአንድ የደጋ ምርምር ጣቢያ ኪዊ የሚባለውን ፍሬ ለማላመድ ስምንት ዓመት ደክሟል። ላዩ ቡናማና ጸጉራም፣ ውስጡ አረንጓዴ፣ እንቁላል የሚያህል ፍሬ ነው። ውርጭ ሲመጣ ሐረጉን የገዛ ብርድ ልብሱን ያለብሰው ነበር። ፍሬው ሲደርስ አገሬው ይወደው እንደሆነ ለማወቅ ስልሳ ሰው ሰብስቦ አስቀመሰ። የያዘው ወረቀት ሁለት ዓምድ ብቻ ነበረው፤ «ጣመኝ» እና «አልጣመኝም»።

ከቀማሾቹ አንዷ እዚያው ጣቢያ ችግኝ የምታጠጣ ሴት ነበረች፤ እትዬ በለጡ ይሏታል። ቀመሰች። ሲጠይቃት፣ ጣዕሙስ ደኅና ነው፣ ግን ከንፈሬን ያሳክከኛል፣ ጉሮሮዬም ጠበብ አለኝ አለችው። ይህንንም ያለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ስምንት ዓመት የለፋን ሰው ቅር ማሰኘት ከብዷት። ሰውየው ወረቀቱን አየ። ለማሳከክ የሚሆን ቦታ የለም። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቸኮለ እንጂ። «አልጣመኝም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ውጤቱ አማረ። ከስልሳው ሃምሳ አራቱ ወደውታል። አለቆቹ ደስ አላቸው፣ ጣቢያው ድግስ ደገሰ። የታረደው በሬ ግን ያረጀ ነበር፤ ሥጋው አልታኘክ አለ። ሰውየው ጥሬ ኪዊ ጠንካራ ሥጋ እንደሚያላላ በሥራው ያውቃልና፣ ለማንም ሳይናገር የክትፎውን ሥጋ በኪዊ ጭማቂ ዘፈዘፈው። ሰው ሁሉ በልቶ ሲያደንቅ ምስጢሩን ሊያወጣላቸው አስቧል።

እትዬ በለጡ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ሰውየው አያትና፣ ይህች ጣዕሙን ያልወደደችው ናት ብሎ አሰበ። አየሽ፣ የነገረችውን ረስቶ የጻፈውን አመነ። በቅቤና በሚጥሚጣ ስለተለወሰ አይታወቃትም ብሎ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ሄደ። የአለቃ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ብድግ ብላ፣ እጇን ከአገጯ ሥር ዘርግታ ጎረሰች።

ብዙ አልቆየም። ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ፣ ወደቀች። በጣቢያው መኪና ወደ ሐኪም ሲወስዷት ራሷን ታቅፎ የሄደው እሱ ነው። መርፌ ተወግታ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ እሱም የሞተ ያህል ነበር። ዓይኗን ስትገልጥ አንድ ነገር ብቻ አለችው።

«ነግሬዎት ነበር እኮ ጌታዬ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ሰውየው ማስመሪያ አንሥቶ በስልሳው ወረቀት ሁሉ ላይ ሦስተኛ ዓምድ አሰመረ። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞረ፣ ፍሬውን ስትበሉ ምን ተሰማችሁ ብሎ እንደ አዲስ ጠየቀ። ሦስት ሰዎች እኛንም አሳክኮናል አሉት። ሦስቱም «ጣመኝ» ካሉት ውስጥ ነበሩ። ምነው ያን ጊዜ ዝም አላችሁ ቢላቸው፣ ይጣማችኋል ወይ አሉን እንጂ ያሳክካችኋል ወይ መች አሉን ብለው መለሱለት። አንደኛዋማ ለልጆቼ ብላ ችግኙን ጓሮዋ ተክላለች።

ይኸው ነው ትርሲት። ያ አልገጥም ያለሽ ገበሬ እትዬ በለጡ ነው። መጠይቅሽ የሚጠይቀው አንቺ አስቀድመሽ ያሰብሽውን ብቻ ነው፤ ያላሰብሽውን የሚነግርሽ እሱ ነው። ወደሚቀርበው ዓምድ ካስገባሽው እሱን ብቻ ሳይሆን፣ እንደሱ ያለ ነገር እያላቸው ዝም ያሉትንም ቀበርሻቸው። እኔ ኪዊ መጥፎ ፍሬ ነው አላልኩም፤ መልካም ፍሬ ነው፣ ሰውየውም ዛሬ ድረስ ያለማዋል። ብቻ ለሰው ሳይሰጥ በፊት ይጠይቃል።

ምረቃሽ ቢዘገይ ይዘግይ። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ገበሬው ተመለሺና ያለሽን በራሱ አፍ እንዳለው ጻፊው። እንኪ፣ ያንኑ ማስመሪያ ያዢ። አርጅቷል፣ ግን እስከ ዛሬ ቀጥ አድርጎ ያሰምራል።