ጀርባ የሰጡ ቤቶች

ደጅ ማለት ቤት ያለቀበት፣ የጎረቤት ቤት ግን ገና ያልጀመረበት ቦታ ነው። የእኔ ብቻ የሚለው የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ይቀመጥበታል።

አንድ ጊዜ እንስሳት አንድ ሜዳ ከበው፣ በራቸውን ወደ ሜዳው አድርገው ይኖሩ ነበር። አንዱ ሲያስነጥስ ሰባት ቤት «ይማርህ» ይላል። በዚህ የተከፋው ጅብ ብቻ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዓይን መካከል የፍየሏን አንዲት ግልገል እንኳ መንካት አልቻለም። ብልሃት ፍለጋ ቀበሮን ይዞ ወደ አንበሳ ሄደ።

«ንጉሥ ሆይ» አለ ቀበሮ፣ «እነዚህ ደጅ ለደጅ ተቀምጠው እርስዎን ያማሉ። በራቸው ወደ ውጭ ይዙር፤ በየቤቱ መካከልም የእሾህ አጥር ይግባ። ጸጥታ ይሰፍናል።»

«ለፍየሏም ጥሩ ነው» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ፣ «በተለይ ለትንሿ ግልገሏ።»

ቀበሮ በክርኑ ጎሸመው። አንበሳ ግን «ያማሉ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ነበርና ፈቀደ።

ሁሉም በሩን አዞረ። አንድ ቤት ቀረ። ቀበሮ መለኪያ ገመዱን ይዞ መጣ።

«እሜቴ አህያ፣ በርዎን ወደ ገደሉ ያዙሩ።»

«ገደሉ እንዴት አደርሽ ይለኛል?»

«ትእዛዝ ነው!»

«እኔም አህያ ነኝ። ንጉሥህ ከፈለገ መጥቶ በጥርሱ ያዙረው።»

ሳምንት ሳይሞላ ጅብ በጠራራ ፀሐይ የፍየሏን በር ገፍቶ ገባ። ፍየሏ ግልገሏን ከሆዷ ሥር አድርጋ ጮኸች።

«የማን ጩኸት ነው?» አለ በሬ ከአጥሩ ወዲያ።

«እንጃ፣ የእኛ ደጅ አይደለም» አለች በግ።

አህያ በባዶው ሜዳ እየጋለበች ደረሰች። «በሬ! ቀንድህ ለጌጥ ነው እንዴ? የጓሮ ግድግዳህን አፍርሰህ ና!» ብላ የፍየሏን የኋላ ግድግዳ በእርግጫ ናደችው። ሁለተኛው እርግጫ ጅቡ ላይ አረፈ። በሬም ግድግዳውን በቀንዱ በስቶ ወጣ፤ በግም በቀዳዳው ተከተለችው።

አንበሳ እያገሳ መጣ። «ግድግዳ እንድታፈርሱ ማን ፈቀደላችሁ?»

«እግሬ» አለች አህያ። ከኋላዋ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ነበር። ግልገሏም በእናቷ እግሮች መካከል ቆማ ነበር።

አንበሳ ቆጠራቸው። በማግስቱ ቀዳዳዎቹ በራሱ ትእዛዝ የተከፈቱ መሆናቸውን አወጀ፤ ጅቡ እስከ ዛሬ ያነክሳል።

ከዚህ የምንማረው፣ በራችን ወዴት እንደሚዞር ሌላ ሲወስንልን፣ ስንጮህ ማን እንደሚደርስልንም አብሮ እንደሚወስንልን ነው።