የዘርፌ የገንፎ ዱቄት

ተረት ተረት ስላችሁ ተቀበሉኝ እንጂ! ዛሬ የማወራችሁ የተራራ መንገድ ነው፤ እግር ያለውም ጎማ ያለውም ይስማ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳም ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ጊዜ፣ አንዲት ጦጢት ነበረች። ታናሽ እህቷ ዘርፌ ከተራራው ማዶ ወለደች። እናታቸው ሞታለች፤ ለአራሷ ገንፎ የሚያገነፋላት ከጦጢት በቀር ማንም የለም። ጦጢት የምሥራቹን እንደሰማች የገብስ ዱቄቱን በስልቻ፣ ቅቤውን በቅል አድርጋ ብስክሌቷ ላይ ጫነች።

«ሳይመሽ ካልደረስኩ እህቴ በባዶ ሆዷ ታድራለች» አለችው ብስክሌቱን።

«ግድ የለም፣ እንደርሳለን። ብቻ ውሃ ያዥ፤ ፍሬኔንም እዪልኝ፣ ላልቷል።»

ውሃውን ያዘች። ፍሬኑን ግን «በኋላ» አለችው።

የዚያ ተራራ መንገደኛ አንድ ልማድ አለው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ይቆማሉ። እንደምን ዋልክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡስ እንዴት ነው ሳይባባሉ አይተላለፉም። ለችኩል ሰው ይህ ሁሉ ወሬ ይመስለዋል።

ከተራራው ግርጌ ሽኮኮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመት ጦጢት?»

«ደህና! ደህና!» ብላ አለፈችው።

ከተራራው ወገብ ላይ ቁራ ቅርንጫፍ ይዞ ቆሟል።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመት ጦጢት? ቤተሰብ...»

«ደህና! ደህና!» ብላ አለፈችው።

ከአናቱ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ኤሊ ከማዶ እያዘገመች መጣች። የኤሊ ሰላምታ ደግሞ እንደ እርምጃዋ ነው።

«እንደምን... ዋልሽ... ልጄ? ቤተሰብ... ደህና? ከብቱ...»

«ደህና ነን፣ ሁላችንም ደህና ነን እማማ!» ብላ ብስክሌቱን ቁልቁል ለቀቀችው።

አትፍረዱባት። እህቱ እየራባት የሚሄድ ሰው ሰላምታ ይረዝምበታል።

«ኧረ ቀስ! ፍሬኔ አልይዝ አለ! ውረጂና ግፊኝ!» ብስክሌቱ ጮኸ።

«አራስ እየጠበቀችኝ?» አለች ጦጢት።

ኩርባውን ሲዞሩ መንገዱ የለም! የትናንቱ ጎርፍ ቦርቡሮ ወስዶታል። ጦጢት ብስክሌቱን ወደ ቁጥቋጦ ጣለችው፤ አብራውም ተንከባለለች። ነፍሷ ተረፈች፤ የቅቤው ቅልም አልተሰበረም። ስልቻው ግን ተቀዶ ዱቄቱ ገደል ገባ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? እሷ የምትለቅመው እንኳ ሁለት እፍኝ ብቻ ነበር። አፋፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ኤሊ ጩኸቱን ሰምታ ተመልሳ ደረሰች።

«ልነግርሽ እኮ ነበር፣ ልጄ» አለቻት። «ዝናቡ የሚጠየቀው ከከብቱ ቀጥሎ ነው። እዚያ ሳልደርስ አመለጥሽኝ።»

ጦጢት እንባዋን ጠረገች። ብድግ አለችና እጅ ነሣች።

«እማማ ኤሊ፣ እንደምን ዋሉ?»

ኤሊም ከቤተሰብ ጀምራ፣ በከብት አልፋ፣ ዝናቡ ላይ ደረሰች። በጥዶቹ ሥር የእግር መንገድ እንዳለ፣ እንደሚረዝም ግን እንደሚያደርስ፣ የቱ ድንጋይ እንደሚያዳልጥ፣ ምንጩ የት እንዳለ፣ ሁሉንም ነገረቻት። ጦጢት አንዴም አላቋረጠቻትም።

ከዚያ በኋላ የፍሬኑን ሽቦ አጠበቀች። ያም ሆኖ ቁልቁለቱን አልጋለበችም፤ ብስክሌቱን እየገፋች፣ ውሃዋን ትንሽ ትንሽ እየተጎነጨች ወረደች። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እህቷ ቤት ደረሰች።

ገንፎው ጥቂት ጉርሻ ብቻ ወጣው። ጦጢት አፈረች።

«ይቅር በይኝ ዘርፌ፣ ሙሉ ስልቻ ነበር። ቸኩዬ ገደል ላይ ደፋሁት።»

ዘርፌ የእህቷን የተላላጠ ጉልበት አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሕፃኗን አስታቀፈቻትና፣

«ዱቄትስ ጎረቤትም ያበድረኛል» አለቻት። «እህት ከማን እበደራለሁ?»

እንግዲህ ተረቴን ከአፌ አወረድኩት፤ ቁልቁለቱን እናንተ ቀስ ብላችሁ ውረዱት። በመንገድ የዘለሉት ሰላምታ ገደል አፋፍ ላይ ይናፍቃል።