የውሃ አባት ማሳ

ከደንጎሬ ተራራ ግርጌ፣ የአራቱ መንደር መንገድ ከሚገናኝበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ «የውሃ አባት ማሳ» የሚባል እርሻ አለ። ስሙን ብቻ የሰማ እንግዳ ምራቁን ይውጣል። አባት የተባለ ሰው፣ ያውም የማኅበር አለቃ የሚያርሰው መሬት ነዋ! ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዘር ሳይጥሉበት የሚያበቅል ይመስለዋል። ሄዶ ሲያየው ግን እንደ አሮጌ ጥርስ የተበላ ነው፤ መሀሉን ጎርፍ ሰንጥቆት፣ ግራና ቀኙ ድንጋይ ለብሶ፣ ዳር ዳሩ ላይ ሰርዶ ተጣብቆ፣ አንድ ጥማድ በሬ ዞሮ ለመመለስ የሚቸገርበት ቁራጭ ነው። ታዲያ አንዳንዱ፣ «አለቃችሁ ምን በድሏችሁ ነው ይኸን የሰጣችሁት?» ብሎ ይጠይቃል። አገሬው ይስቅበታል። ሲስቅ ግን ብዙ አይስቅም፤ የነገሩ አመጣጥ የሚያስቅ አይደለማ።

በዚያ አገር የአፈርና የውሃ ማኅበሩን በፈቃዱ የሚመራ ሰው የውሃ አባት ይባላል። ደሞዝ የለው፣ አበል የለው፣ ሰርግ ቤት እንኳ ቀድሞ የሚነሳለት የለው። የተመረጠ ቀን የራሱን ደህና መሬት ከጎርፉ በታች ለሚኖሩ አቅመ ደካሞች ይለቅና ያንን የተበላ ማሳ ይረከባል፤ በአባትነት እስካለ ድረስ ጉሮሮው የሚያልፈው ከዚያ የተገኘ ብቻ ነው። ሌላ አገር ሰው ለወንበር ሲጋደል፣ ደንጎሬ ስር ምርጫ በደረሰ ቁጥር ወንዱ ሁሉ ወገቡን ያመዋል፤ ትላንት ግንድ ተሸክሞ ሲሮጥ የነበረው ዛሬ በምርኩዝ ይመጣል። ይኸን ልማድ ማን አመጣው ቢባል፣ ሽማግሌዎቹ የሚያወሩት እንዲህ ነው።

ክፉው ቀን ያለፈ ሰሞን ነው ይባላል። ድርቁ ከብቱን ጨርሶ፣ ሰው ከብት የማይበላውን ቅጠል በልቶ፣ ከሞት የተረፈው የደንጎሬን ጥድና ወይራ እየቆረጠ አክስሎ በእህል ለውጦት ነበርና፣ ተራራው እንደ ተላጨ ራስ ቀረ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሰው እልል ሊል አፉን ሳይከፍት አፈሩ በፊቱ አለፈ። ጎርፉ አንዱ ማሳ ላይ እንደ ጣት፣ ሌላው ማሳ ላይ እንደ ክንድ እያደረገ፣ በመቶ ቦታ እየተሰነጠቀ ይወርድ ጀመር። በዚህ ጊዜ የአራቱ መንደር ሰው አውድማ ላይ ተሰብስቦ ማኅበር አቆመና፣ መሪ ይሁነን ብሎ አራጋው ይመርን መረጠ።

አራጋው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይኸን ሁሉም ይናገርለታል። ከሰው ቀድሞ ተራራ ይወጣል፣ ከሰው ኋላ ይወርዳል፤ ጎተራው ውስጥ የቀረችውን ሽምብራ አስቆልቶ ለቆፋሪው ያደለ እሱ ነው። የአፈሩን ጠባይ እንደ በሬው ጠባይ ያውቃል። አንድ ነገር ግን ነበረው፤ ከአባቱ የወረሰው፣ በተራራው ግርጌ ረባዳው ላይ ያለ ማሳ። በክፉው ቀን ሰው ሁሉ መሬቱን በቁና እህል ሲለውጥ፣ እሱ ሁለት ልጆቹን ቀብሮ እንኳ ያቺን ማሳ አልለወጠም። ሚስቱ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግራው አታውቅም ይባላል፤ ማሳው ላይም እግሯን አሳርፋ አታውቅም።

ማኅበሩ የመከረው፣ ጎርፉ እርሻ ሳይደርስ ተራራው ወገብ ላይ ረጅም ቦይ ቆፍሮ ለመያዝ ነው። መያዙስ ይያዛል፤ የተያዘ ጎርፍ ግን መውጫ ይፈልጋል። ችካል እየተከሉ መስመሩን ሲለኩ፣ ምላሱ ከዶማው የተሳለ እንድሪስ ሙሄ የሚባል ሰው ፊት ፊት ይሄድ ነበር። ከአራጋው ማሳ አናት ከረባዳው ጋ ሲደርስ ቁጭ አለ።

«ምነው፣ ደከመህ?» አለው አራጋው።

«እኔ አልደከመኝም። ውሃው ነው እዚህ ልውረድ የሚለው።»

«ውሃ ምን አፍ አለው?»

«አፍማ ያለን እኛ ነን» አለ እንድሪስ፣ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «ይኸው እንደምታየን።»

ሰዎቹ እግራቸውን ያዩ ጀመር። አንዱ ዶማውን ከእጀታው ያጠብቃል፣ አንዱ ከጫማው ውስጥ የሌለ ጠጠር ያወጣል። ረባዳው የውሃ መንገድ መሆኑን ሕፃን ያውቃል፤ ግን ሽምብራውን እየበሉ፣ ሁለት ልጅ የተቀበረለትን ማሳ ጎርፍ ይለፍበት የሚል ወንድ ከየት ይምጣ? አራጋውም ሳይናገሩ ገባው። አጎንብሶ አንዱን ችካል ነቀለና ወደፊት አሻግሮ ተከለው።

«ቆፍሩ። ድንጋያማው ጥግ ጋ እናወጣዋለን። ድንጋይ ጎርፍ ይሰብራል።»

ከድንጋያማው ጥግ በታች የጦይባ ቤት ነበረ። ጦይባ ባሏን በክፉው ቀን የቀበረች፣ ሰኢዳ ከምትባል ልጇ ጋር የምትኖር ሴት ናት። ሰኢዳ በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዶ ወሬው ጠፍቷል። ቦዩ ወደ ማለቁ ሲል ጦይባ ለቆፋሪዎቹ ውሃ በቅል ይዛ ወጣችና፣ ሰው ሁሉ ጠጥቶ እስኪጨርስ ቆማ መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው።

«አራጋው፣ ውሃው በማን በኩል ነው የሚሄደው?»

«በድንጋዩ በኩል፣ እትዬ ጦይባ።»

«ከድንጋዩ በታችስ?»

«ድንጋዩ ይሰብረዋል።»

«ተሰብሮስ የት ይገባል?»

አራጋው ላቡን ጠረገ። «እኔ አለሁ አይደል? ዝናብ በመጣ ቁጥር ቦዩ ላይ እቆማለሁ።»

«ቆመህስ ምን ልታደርገው? ልትቆጣው ነው?»

ሰዎቹ ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ «ካስፈራ ከረባዳው ላይ ቦዩን ሰብሬ በገዛ ማሳዬ እለቀዋለሁ» አላት።

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ጦይባ ባዶ ቅሏን ይዛ ወረደች። እንድሪስ፣ «ውሃ ቃል ሲሰጡት ቢሰማ ጥሩ ነበር» አለ፤ ያን ጊዜ ግን የሳቀለት የለም።

ሐምሌን ቦዩ ተአምር ሠራ ይባላል። ዝናቡ በልኩ ስለነበረ ውሃው በቦዩ ውስጥ እንደ ተገራ በቅሎ እየሄደ፣ ድንጋዩ ላይ ተበትኖ ይጠፋል። እርሻው ሁሉ ደህና ሆነ። የአራጋው ረባዳ ላይ የተዘራው ጤፍ በቀለና፣ መንገደኛ ቆሞ የሚያየው ሆነ። ሰኢዳም በደህና ወለደች፤ ወንድ ልጅ። አራጋው መንገድ ላይ ሲያልፍ ሴቶቹ ከየደጃቸው ይመርቁት ነበር፤ ጦይባም መርቃዋለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ደንጎሬ ጠቆረ። መጀመሪያ በረዶ ወረደ፣ ከዚያ በረዶው ላይ ዝናብ። አራጋው ቃሉን ጠብቆ፣ ዶማውን ይዞ ከረባዳው አናት ቦዩ ላይ ቆመ፤ እንድሪስም ማዳበሪያውን ተከናንቦ ከጎኑ። ያን ጊዜ ነው ማንም ያላሰበውን ነገር ሁለቱም ያዩት። ድሮ በመቶ ቦታ እየተበተነ የሚወርደውን፣ አንዱን እንደ ጣት ሌላውን እንደ ክንድ የነበረውን ጎርፍ፣ ማኅበሩ በገዛ እጁ ሰብስቦ አንድ አድርጎታል። ቦዩ ውስጥ የሚሄደው ውሃ አይመስልም፤ ድንጋይ እያንከባለለ፣ እያጓራ፣ ወደ ጦይባ ቤት የሚሄድ ወንዝ ነው።

«ስበረው» አለ እንድሪስ።

«ቆይ። ይቀንሳል።»

«አያ አራጋው፣ ከቦዩ ከንፈር ደርሷል እኮ!»

«ደመናው እየሳሳ ነው፤ አታይም?»

ደመናው አልሳሳም። አራጋው የሚያየው ከእግሩ ስር ያለውን አረንጓዴ ነበር ይባላል። ይኸ ጤፍ ከሄደ አፈሩም ይሄዳል፤ አፈሩ ከሄደ፣ በክፉው ቀን በአንድ ጉድጓድ ያስተኛቸው ሁለቱ ልጆች ለምን ሞቱ? ያኔ ማሳውን በእህል ለምን ሳይለውጠው ቀረ? ይኸን የመሰለ ነገር በሆዱ ሲመላለስ፣ እንድሪስ የራሱን ዶማ አነሳ። አራጋው እጁን ለቀም አደረገው።

«ትንሽ ቆይ አልኩህ።»

እዚያ ላይ ምን ያህል እንደቆዩ ማንም አያውቅም። አንዳንዱ ሰው ምራቅ እስኪውጥ ነው ይላል፤ አንዳንዱ በሬ እስኪጠመድ ነው ይላል። ከታች አንድ ድምፅ መጣ፤ ጩኸት አይደለም፣ ግድግዳ ሲተኛ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ያኔ አራጋው ቦዩን ደጋግሞ መታው። ተሰበረ፤ ጎርፉም ዞሮ ጤፉን ከነሥሩ፣ አፈሩን ከነጤፉ ጠርጎ ሄደ። ያዳነው ማሳ የለም። ያዳነውም ሰው የለም።

ጦይባ እሳት ልትጭር ጎረቤት ሄዳ ነበር። ፍሟን በገል ይዛ ብቅ ስትል ቤቷ የነበረበት ቦታ ላይ ጭቃ ብቻ አየች። ሰኢዳን ታች ወንዙ ዳር አገኟት። ሕፃኑን ፈልገው አላገኙትም፤ ስም ገና አልወጣለትም ነበርና በስሙ እየጠሩ እንኳ ሊፈልጉት አልቻሉም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። አራጋው እንደ ነፍሰ ገዳይ ወግ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ መጥቶ ተደፋ፤ ከአባትነቱ እንደሚወርድ፣ አገሩንም ለቆ እንደሚሄድ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ከበዳቸው። በዚህ መሀል እንድሪስ ተነሳ። ሰው ሁሉ የሚቀልድ መስሎት ፊቱን አዞረ።

«እጄን ያዘኝ ብዬ ነው የተውኩት» አለ። «ሌላ እጅ ነበረኝ።» ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ጦይባን ምን ትፈልጊያለሽ አሏት። ደም ትላለች፣ ወይ መሬቱን ትላለች ብለው ሲጠብቁ፣ «ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች።

«አገሩን ለቆ» አሏት።

«እሱ ከሄደ ቦዩን ማን ሊጠብቅ ነው?»

«ሌላ ሰው እንሾማለን፣ እትዬ።»

«ያም ማሳ አለው» አለች ጦይባ።

ከዚያም ወደ አራጋው ጠቆመች።

«አይሄድም፤ ከአባትነቱም አይወርድም። ውሃው በእሱ በኩል ይሂድ። ሌላ መሬት ካለው ቤቱን ጎርፍ ለወሰደበት ስጡት፣ እሱ ከዚያ ከጎርፉ ዳር ይብላ። ከእሱ በኋላም አባት ነኝ የሚል ሁሉ እዚያው ይብላ። ውሃው የሚሄደው በገዛ ጉሮሮው ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ቶሎ ይሰብረዋል።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ይኸ ጭካኔ ነው» አለ። ጦይባ ዞር ብላ አየችው፤ እሱም ዓይኑን ሰበረ። እንዲሁ ተፈረደ።

አራጋው ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ማሳ ላይ አረሰ። ድንጋይ ካበ፣ ክትር ሠራ፣ ሰርዶ ተከለ። ከአንድ ዘር አንድ ዘር የማይመልስ ዓመትም ነበረው። ጦይባ ይቅር አለችው ወይ ለሚል፣ አላለችውም ይባላል፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ እሱ ከመንገድ ይወርዳል፣ እሷ ታልፋለች። እሱ የሞተው እንደሚነገረው በአንድ ነሐሴ ቦዩ ላይ እንደቆመ በብርድ ነው፤ ሌሎች ግን ቤቱ ገብቶ ሚስቱ እግሩን ስታሞቅለት ነው ይላሉ። እሷ ከዚያ በፊት እግሩን አሙቃለት እንደማታውቅ ግን ይኸን የሚሉትም ያን የሚሉትም ይስማማሉ።

ከሞተ በኋላ ማነው የሚተካው ሲባል ወንዱ ሁሉ ወገቡን ይይዝ ጀመር፤ የወገብ በሽታ የጀመረው ያን ቀን ነው። በመጨረሻ ያረጀው እንድሪስ ተነስቶ ማሳውን ተረከበ። ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ያችን ሌላ እጁን ሥራ ሊያሲዛት ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ልማዱ አልተቋረጠም። አንድ ብልጥ ተመርጦ፣ «እግሬን ስለሚያመኝ ወንድሜ ይረስልኝ» ቢል፣ «እንግዲያው አባት እሱ ነው» ብለው ወንድሙን ሾመውት፣ ሁለቱ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

ማኅበሩ ዛሬ ማኅተም አለው፣ ችግኝ ጣቢያ አለው፤ ደንጎሬም ወገቡ ድረስ ወይራ ለብሷል። ከተራራው በታች ደግሞ ብዙ ቤት ተሠርቷል። ነሐሴ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር እዚያ ያሉ ሰዎች ከደጃቸው ወጥተው ሽቅብ ያያሉ። ማሳው ላይ ዶማ ይዞ የቆመ ሰው ካዩ ገብተው በራቸውን ይዘጋሉ። ካላዩ ግን ማንንም አይጠይቁም፤ ልጆቻቸውን አዝለው ይወጣሉ።