ሲመጣ የማያንኳኳ መብራት

ተረቴ የምትነሳው መብራት ከጠፋበት ቤት ነው።

የዘነበችን እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ሸለምጥማጥ በላባት። እንቁላሎቹን ካርቶን ውስጥ ጭድ ላይ አስተኝታ፣ አምፖል አንጠልጥላ ታሞቃቸው ጀመር። አንዱ ጫጩት ቅርፊቱን ከውስጥ መንቆር ጀምሮ ሳለ መብራት ሄደ። የፈለገችው ትንሽ ሙቀት ብቻ ነበር።

«አምፖል፣ እንቁላሎቼን አሙቅልኝ።»

«ኢንቨርተሩ ካልሰጠኝ አላሞቅም» አለ አምፖሉ።

የባትሪን ኃይል ለአምፖል የሚሆን መብራት የሚያደርገውን ኢንቨርተር ልጇ ከነባትሪው ገዝቶላት፣ ገና ሳይገጠም አልጋ ስር ተቀምጧል። «ኢንቨርተር፣ ለአምፖሉ ስጥልኝ፤ አምፖሉ እንቁላሎቼን አላሞቅም አለ።»

«ከባዶ ምን ልስጥ? ባትሪው ካልሰጠኝ አልሰጥም።»

«ባትሪ፣ ለኢንቨርተሩ ስጥልኝ፤ ኢንቨርተሩ ለአምፖሉ አልሰጥም አለ፤ አምፖሉ እንቁላሎቼን አላሞቅም አለ።»

«ገመዶቹ በወጉ ካልታሰሩ አልሰጥም። ቀዩ ከፖዘቲቩ፣ ጥቁሩ ከኔጌቲቩ፤ ቀዩ ላይ፣ ከእኔ አጠገብ፣ ፊውዝ ይግባ። ብትሳሳቺ ቤትሽን ነው የማነደው።»

«ገመዶች፣ ታሰሩልኝ፤ ባትሪው ለኢንቨርተሩ አልሰጥም አለ፤ ኢንቨርተሩ ለአምፖሉ አልሰጥም አለ፤ አምፖሉ እንቁላሎቼን አላሞቅም አለ።»

«ግማሾቻችን ከባትሪው፣ ግማሾቻችን ከቤቱ መስመር ነን። ቆጣሪው ላይ ዋናው ብሬከር ሳይወርድ አንታሰርም። ጠፍቷል ብለሽ አትተማመኚ፤ መብራት ሲመጣ አያንኳኳም።»

«ብሬከር፣ ውረድልኝ፤ ገመዶቹ አንታሰርም አሉ፤ ባትሪው ለኢንቨርተሩ አልሰጥም አለ፤ ኢንቨርተሩ ለአምፖሉ አልሰጥም አለ፤ አምፖሉ እንቁላሎቼን አላሞቅም አለ።»

«የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነኝ። ቁልፉን አምጪ።»

ዘነበች ልትነሳ ብላ መልሳ ተቀመጠች። ቆጣሪው የግቢው ሁሉ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ጎረቤቷ ተካልኝ ዘንድ ነው። ለባሏ ለመንገሻ ለቅሶ አልደረሰም ብላ ካኮረፈችው ሰንብታለች። የዚህ አገር ሰው ሳይበላ መዋል ይችላል፤ ሳይኮራረፍ መዋል ግን አይሆንለትም።

እጇን ካርቶኑ ውስጥ ሰደደች። እንቁላሎቹ መቀዝቀዝ ጀምረዋል። የሚነቁረው ጫጩት ድምፁ የለም። ተነስታ ሄደች።

ሰላም ሳትል ደጁ ላይ ቆማ ዘረገፈችው፦ «ቁልፉን ስጠኝ፤ ሳጥኑ ተቆልፏል፤ ብሬከሩ አልወርድም አለ፤ ገመዶቹ አንታሰርም አሉ፤ ባትሪው ለኢንቨርተሩ አልሰጥም አለ፤ ኢንቨርተሩ ለአምፖሉ አልሰጥም አለ፤ አምፖሉ እንቁላሎቼን አላሞቅም አለ።»

«እኔም አልሰጥም ብያለሁ» አለ ተካልኝ። «ወይዘሮዋ ለምን ድንኳኑ ውስጥ እንዳልገባሁ ካልጠየቁኝ።»

«እሺ፤ ለምን አልገባህም?»

«የለቅሶውን መብራት ማን ያበራው መሰለሽ? ከድንኳኑ ጀርባ ጄኔሬተሩን ይዤ ነበር። ትቼው ብነሳ ይጠፋል። መንገሻ በጨለማ ይለቀስለት?»

«ከጀርባ ሲያስል የነበረው ሰውዬ…»

«ጭሱ ሊገድለኝ ነበር።»

«ታዲያ ሰው አይናገርም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ተካልኝ ቁልፉን ሰጠ፤ ቁልፉ ሳጥኑን ከፈተ፤ ብሬከሩ ወረደ፤ ገመዶቹ ታሰሩ፣ ቀዩ ከፖዘቲቩ፣ ጥቁሩ ከኔጌቲቩ፣ ፊውዙም ገባ፤ ባትሪው ለኢንቨርተሩ ሰጠ፤ ኢንቨርተሩ ለአምፖሉ ሰጠ፤ አምፖሉ እንቁላሎቹን አሞቀ።

ሁለቱም ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ከቅርፊቱ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ አለ።

ዘነበች ቀና አለች።

«ሰላም ነህ ወይ፣ ተካልኝ?»

«ሰላም ነኝ፤ እግዜር ይመስገን።»

ተረቴን ጫጩት ለቀማት፤ የተረፈውን እናንተ ልቀሙ።